ደብዳቤ ለልጄ፦ ድምፅ አትቁጠሪ

የኔ ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴም ተሽሎታል።

ትናንት አክስትሽ ደወለችልኝ። ለውድድር የላክሽው ታሪክ ስንት ድምፅ እንዳገኘ ለማየት ሌሊቱን ስልክሽን ስትነካኪ ታድሪያለሽ አሉ። እህልም በቅጡ አትበዪም አሉ። ልጄ፣ ድምፅ አትቁጠሪ።

ለጥናትሽ ስትዘጋጂ የተረክሽልኝን ረሳሽው እንዴ? በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አዘጋጅ ጆን ካምቤል «አስታውንዲንግ» በሚባለው መጽሔቱ የአንባቢ ድምፅ ማውጣት ጀመረ ብለሽኛል። አንባቢው የወሩን የሳይንስ ልቦለዶች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በደብዳቤ ይልካል። ካምቤል ደረጃውን ደምሮ አማካዩን ያወጣል። ትንሽ ቁጥር ያገኘ ያሸንፋል። ዝነኛው ደራሲ አይዛክ አሲሞቭ እንኳ ምንም ሳያሳትም፣ ገና ልጅ ሆኖ፣ እንደዚያ እየጻፈ ሌሎች ለጻፉት ታሪክ ደረጃ ይሰጥ ነበር። ኋላ እሱም በተራው እዚያው ሚዛን ላይ ወጣ።

ያንን የሳይንስ ልቦለድ አድናቂ አከርማንንም አስቢው። በ1953 እ.ኤ.አ. እዚያው አንቺ ያለሽበት ፊላደልፊያ የመጀመሪያዎቹ የሁጎ የሳይንስ ልቦለድ ሽልማቶች ሲሰጡ «ቁጥር አንድ አድናቂ» ተባለ። ይሄ የሚገባው ለእንግሊዛዊው ለኬን ስሌተር ነው ብሎ ሽልማቱን መድረኩ ላይ ትቶት ወረደ። ይህን ስትነግሪኝ እንባ እንባ ብሎሽ ነበር። ታዲያ ዛሬ ምን ነካሽ? ድምፅ አትቁጠሪ አልኩሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አባትሽም አያውቀውም። ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ልጆቹ የጻፉትን አስነብቤ «የማን ይበልጣል? እጅ አውጡ» አልኩ። ስለ ላማቸው መታመም የጻፈ አንድ ልጅ ነበር። ላሟ ስትሞት አባቱ ደወሏን ከአንገቷ ፈትቶ ኪሱ ከተታት ብሎ ነበር የጨረሰው። ለእሱ አንድም እጅ አልወጣም። ሰሌዳው ላይ ከስሙ አጠገብ በጠመኔ ዜሮ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ ሸሚዙ ውስጥ ሸጎጠው። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ «አንብብ» ስለው አቀርቅሮ ዝም ይላል። ከሁሉም የሚበልጠው የእሱ ነበር። አውቄዋለሁ። የኔን እጅ ግን አላወጣሁለትም።

ይኸው እስከ ዛሬ ያቺ ዜሮ ትታየኛለች። ልጄ፣ ድምፅ አትቁጠሪ፣ እባክሽ።

ማታ ስልክሽን ሌላ ክፍል ትተሽ ተኚ። በዚህ አትከራከሪኝ። የላክሁልሽን በርበሬ ከፌስታሉ አውጥተሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጊው፤ ይሻግታል። ወፍራሙን ካፖርት ልበሺ፣ ያምራል አያምርም አትበዪ።

እሑድ ስትደውዪ ደግሞ ታሪክሽን ከመጀመሪያው መስመር ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቡናዬን ቀድሜ አፍልቼ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ