የጎመኔን ቅጠል ማን በሳው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ጓሮ አትክልት ባወጣችሁት ጽሑፍ «ቅጠል ከተበሳሳ ትል ነው፤ መድኃኒት ይረጭ» የሚለውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም አምና እንዲሁ ብዬ ተሸውጃለሁ።

ኮተቤ ግቢዬ ውስጥ ጎመን አለኝ። ጥቅምት ላይ ችግኙ አራት ቅጠል እንኳ ሳያወጣ ወንፊት ሆኖ ጠበቀኝ። ትል ፈለግኩ፤ የለም። ቀንድ አውጣ እንዳልል፣ ያ የሚያብረቀርቅ ዝልግልግ መንገዱ አይታይም። መድኃኒት ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ ስሙ ያልተጻፈበት ነጭ ነገር በውሃ ፕላስቲክ ቀድቶ ሰጠኝ። «ከተረጨ ስንት ቀን ቆይቶ ይበላል?» ብለው «ችግር የለውም አባቴ» አለኝ። ችግር እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው። ሳልረጨው ቀረሁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ተንበርክኬ ቅጠሉን ነካ ሳደርገው ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ነገር ተፈናጥራ ጠፋች። ቁንጫ መስሎኝ ሱሪዬን አራገፍኩ! ለካ ጢንዚዛ ናት። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። የኋላ እግሯ ወፍራም ስለሆነ እንደ ቁንጫ ትዘላለች።

ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ግሪስ ቀባሁት። ከችግኙ በላይ ይዤ ቅጠሉን በእንጨት ነካ ነካ ሳደርግ እየዘለሉ ይለጠፉበታል። ጤዛው ሳይደርቅ አመድም ነሰነስኩ፤ ውሃ ሲያጠጡት ግን ይታጠባል። ከሁሉም የጠቀመኝ የባለቤቴ አሮጌ ነጠላ ነው። በሸንበቆ ወጥሬ ጫፉን አፈር አለበስኩት። ጎረቤቶቼ «ጎመኑን ሊድሩት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። መጀመሪያ የሸፈንኩት ግን ጎመን የነበረበትን መደብ ነው። እጮቿ አፈር ውስጥ ሥር እየበሉ ስለሚያድጉ ከሥር ወጡና ነጠላው ለእነሱ ድንኳን ሆነላቸው። ሌላ ቦታ ስተክል ነው የሠራልኝ። ችግኙ ጠንከር ካለ በኋላማ ጥቂት ቀዳዳ ምንም አይለው።

ሌላው ፎቷችሁ ነው። «የአትክልት ጠላት» ብላችሁ ያተማችሁት ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ጢንዚዛ ጀርባው ያብረቀርቃል። እሱ ክሽክሽ የሚባሉትን የቅጠል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች የሚበላልን ወዳጃችን ነው። ጠላቱ ወንድሙ ነው፤ ጀርባው ደብዛዛ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጸጉር ጸጉር የሚል። የዱባ ቅጠል ላይ ወጥቶ ጅማቱን ብቻ እስኪያስቀር ይግጠዋል።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አርሙልን። የልጅ ልጄ ጋዜጣውን ይዞ ጓሮ ገብቶ ከሚያብረቀርቁት 11 ጨፍልቋል።

ጡረተኛ መምህር፣ ከኮተቤ