የእናቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አዲስ አበባ መናፈሻዎች የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት በጣም ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። ግን የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚህ ተነስቶ እንጦጦ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር አለ፣ ሰልፍ አለ። ከደረሱ በኋላ ደግሞ ዳገት። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት አለባት፣ የግራ ጉልበቷንም ያማታል። እሷን ይዤ ያንን ሁሉ መውጣት አልሞክረውም።

ሐኪሟ ግን «ይራመዱ» አላት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 22 ደቂቃ አይሞላም። ይህን ስነግራት «እሺ፣ የትኛው መንገድ ላይ ልራመድ? ከባጃጅ ጋር ልጋፋ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ዋናው አስፋልት ዳር የእግረኛ መንገዱ ግማሹ አሸዋና ጠጠር ተከምሮበታል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው»፣ አንዳንድ እሑድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት፣ ጥሩ ነገር ነው፤ የእናቴ ጉልበት የሚፈልገው ግን የየቀኑን ነው።

መንገዱን ያገኘሁት ፈልጌ አይደለም። አንድ እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በመስኮት ሳይ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች ከብሎካችን ጀርባ አንድ በአንድ ተከታትለው ይሄዳሉ። ወደ ቅዳሴ ነው። በዋናው መንገድ አልሄዱም፤ በእርሻው ዳር ነው የታጠፉት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር አምኛለሁ። አዲስ ሰፈር ገብቶ ቀላል መንገድ የሚፈልግ ሰው አሮጊቶቹ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን ይከተል። የትኛው ቁልቁለት እንደሚያንሸራትት፣ ጎርፍ የትኛውን ቦይ እንደሚሞላ፣ ውሻ የሚለቀቀው ከየትኛው ግቢ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ በግ ጠባቂ ልጆችን መጠየቅ ነው።

በማግስቱ እናቴን ይዣት ወጣሁ። መሬቱ ሜዳ ነው፤ የእኛ ሰፈር ትልቁ ጸጋ ይሄ ይመስለኛል። በግራ በኩል የጤፍ ማሳ አለ። ፊት ለፊት፣ ሰማዩ ከጠራ፣ የረር ተራራ ይታያል። መሐል ላይ አንዲት ግራር አለች፤ ከሥሯ ሰው ተቀምጦባት ጫፏ የለሰለሰ ድንጋይ። እናቴ እዚያ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ አሸት አሸት ታደርገዋለች። ከዚያ እንመለሳለን። ደርሶ መልስ ሃያ ደቂቃ። ስንራመድ ታወራለች፣ መዝሙር ልጀምር ስትል ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ልኩ ይሄ ነው፤ እያወሩ መሄድ የሚቻልበት ግን መዘመር የሚያቅትበት ፍጥነት። መዝሙሩን ድንጋዩ ላይ ሆና ትጨርሰዋለች።

ክረምት ላይ ነገሩ ይለያል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጫማ ይውጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለን አማራጭ በብሎኮቹ መሐል ያለው ኮብልስቶን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አይናቅም፣ አራት ጊዜ መዞር ነው። ጥቅምት ላይ መሬቱ ጠንከር ሲል ወደ ግራራችን እንመለሳለን።

አሁን ለምን እንደጻፍኩ ልናገር። ባለፈው ወር አንድ ግንባታ መንገዱን በቆርቆሮ አጠረው። ማንም ቀድሞ የነገረን የለም። ቅዳሴ የሚሄዱት እናቶች አሁን በዋናው አስፋልት ይዞራሉ፤ በዚያ ጨለማ፣ ከሲኖትራክ ጋር። እናቴ ሁለት ሳምንት ቤት ተቀመጠች። ከዚያ አንድ የብሎካችን ጋሼ በሌላ በኩል የሚያዞር ቀጭን መንገድ አሳዩን፤ ግን ቦይ መሻገር አለበት። እኔ እዘላለሁ። እሷ አትችልም። ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም አንድ ጠንካራ ሳንቃ ቢደረግበት ያልቃል። የብሎካችን ሰዎች በዚህ ቅዳሜ ልናደርገው ተነጋግረናል።

መሬት ለግንባታ የሚሰጡ ሰዎች ግን ካርታ ላይ ያልተሣለ መንገድ፣ መንገድ አይደለም ብለው ባያስቡ እላለሁ። ሰው በየቀኑ የሚረግጠው መንገድ ነው። ከአጥር ጎን አንድ ሜትር ተኩል ቢተዉልን ሁለት አሮጊቶች ጎን ለጎን ያልፉበታል፤ ሌላ አንጠይቅም።

ለእናንተም ጥያቄ አለኝ። ከገጻችሁ ትንሽ ቦታ ስጡን። የጀሞ ሰው የጀሞን፣ የአባዶ ሰው የአባዶን፣ የቱሉ ዲምቱ ሰው የራሱን ሰፈር ቀላል መንገድ ይጻፍ። ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ዳገት ይኑረው አይኑረው። የእኛን እኔ እልካለሁ፤ ሳንቃው እንደተቀመጠ።

አክባሪያችሁ፣
ከቦሌ አራብሳ