ስለ መዥገር፦ ለጅማ ዞን የእንስሳት ሀብትና የጤና ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በቦዬ ረግረግ ዙሪያ ከብት ከምናሰማራው ሰዎች አንዱ ነኝ። የምለምናችሁ የመዥገር መድኃኒት ከነመለኪያውና ከሚረጭ ባለሙያ ጋር በየቀበሌው እንዲደርሰን፣ ጤና ጣቢያዎችም ትኩሳት ይዞት የሚመጣን እረኛ ስለ መዥገር እንዲጠይቁት ነው።

ዝናቡ ሲገባ የላም ግት ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው የምለውን ያውቀዋል። መዥገሩ በጡቶቹ መካከል፣ በብሽሽቷና ከጭራዋ ሥር ተደርድሮ ይገኛል። አምብሊዮማ የሚባለው ትልቁ መዥገር አፉ ረጅም ስለሆነ በጣት ሲነቀል አፉ ቆዳው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ዝንብ ይወረዋል፣ ጡቱም ይደፈናል። በሦስት ጡት የምትታለብ ላም ጥጃዋን አጥብታ ለቤት ምን ይተርፋል? ይህ እንግዲህ መዥገር ወደ ከብት የሚያስተላልፋቸውን የደም በሽታዎች፣ አናፕላዝማንና ባቤዥያን፣ ሳንቆጥር ነው። የተሻሻለ ዝርያ አርቡ ተብለን ክልስ ጊደር የገዛነው ደግሞ ከሁሉ የባሰ እንጎዳለን፤ የአገራችን ከብት የሚችለውን ክልሷ አትችለውም።

መድኃኒት የለም አልልም፤ ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። ግን ዲያዚኖን የሚባለውን የሚረጭ መድኃኒት በጠርሙስ ክዳን እየሰፈርን በግምት እንበጠብጠዋለን። ሲቀጥን መዥገሩ ይለምደዋል፣ ሲወፍር ከብቱንም ረጪውንም ይመርዛል። ለጫት የተገዛ ፀረ ተባይ ላም ላይ የሚረጭም አለ። ነጭ ጋዝ የሚቀባ ጎረቤት አለኝ፤ መዥገሩ ይሞትለታል፣ የላሟም ቆዳ አብሮ ይላጣል። በመርፌ የሚሰጠው የተባይ መድኃኒት አይቨርሜክቲን በወተት እንደሚወጣና ለምትታለብ ላም እንደማይሰጥስ ስንቶቻችን ተነግሮናል?

እኔ ብቻዬን በደንብ ብረጭም አልድንም። ደም የጠገበች አንዲት መዥገር መሬት ወርዳ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ ግጦሹም የጋራ ነው። ስለዚህ የአንድ መንደር ከብት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይረጭ፣ ዙሩም በባለሙያ ምክር ይደገም። የሰው ኃይል አነሰ ከተባለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች አሉት፤ ለእነሱም ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ሰው ልምጣ። እረኞቻችን መዥገር ነቅለው በጥፍራቸው ይጨፈልቁታል፤ አላቢዋም እንዲሁ። ክሪሚያን ኮንጎ የተባለው ደም የሚያፈስ ትኩሳት መዥገር በመጨፍለቅም በሽታው ባለበት ከብት ደምም ሊተላለፍ ይችላል። ሌላም አለ፤ ሪኬትሲያ አፍሪኬ የምትባለው ባክቴሪያ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በዚችው አገራችን መዥገር ውስጥ ተገኝታለች። የያዘችው ሰው ያተኩሰዋል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ብዙ ጊዜም የተነከሰበት ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይታያል። ዶክሲሳይክሊን ያድነዋል። ነገር ግን ትኩሳት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ወባው ከሌለ ታይፎይድ ይባላል። ልብሱን አስወልቆ እግሩንና ብብቱን የሚያይለት ካልተገኘ ቅርፊቱን ማን ያየዋል?

ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ስለዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ አብራችሁ ብትቀመጡ፣ የመርጫውንም ቀን በልግ ከመግባቱ በፊት በየቀበሌው ብታስለጥፉልን እንወዳለን። አጥር ሠርቶ ከብቱን ማቆምና ውኃ ማቅረቡ የእኛ ድርሻ ይሁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በጅማ ከተማ ዳርቻ የሚኖር ከብት አርቢ