ስኳር ልጆችንም ይይዛል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ስኳር በሽታ ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ አዋቂዎችና ስለ ውፍረት ብዙ ብሏል። በልጆች ላይ ስለሚታዩት ምልክቶች ግን ምንም አላነሳም። ይህ ቀላል ክፍተት አይደለም።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት 1 የሚባለው ነው። የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ ይዞርና ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሴሎች የሚያስገባ ሆርሞን) የሚሠሩትን ሴሎች ያጠፋል። ከረሜላ በመብላት የሚመጣ አይደለም፤ «የኔ ልጅ ጣፋጭ አይወድም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ኃይለኛ የውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ክብደት መቀነስና ድካም ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው። በተለይ አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ በኋላ እንደገና የጀመረ ልጅ ልብ ሊባል ይገባል። ወላጅ ይህን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ይቆጣል፤ ልጁ ግን ታሞ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ኪቶን የሚባል አሲድም ደም ውስጥ ይከማቻል። ልጁ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፤ ትንፋሹም የፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ያመጣል። ነገሩ ተራ የሆድ ሕመም ይመስላል። በሰዓታት ልዩነት ግን ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ጣት ወግቶ ስኳር መለካት የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። እነዚህ ምልክቶች ያሉት ልጅ ሲመጣ ጤና ተቋማት በዚያው ቀን ደሙን ይለኩ። ውጤቱ 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ሕክምና ይጀመር። እናንተም ምልክቶቹን ለወላጆችና ለመምህራን በሚመች አጭር ጽሑፍ አውጡልን።