እማዬ፣ ስለ ጁሊያን ቦንድ ልንገርሽ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ኪኒንሽን ምግብ ሳትቀምሺ እንዳትውጪ፣ አደራ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ስንደዋወል ለጎረቤቴ የምርጫ ቅስቀሳ ቤት ለቤት እየዞርኩ መሆኑን ስነግርሽ ድምፅሽ ወዲያው ተቀየረ። «ልጄ፣ ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» አልሽና ወሬውን ወደ ልጆቹ አዞርሽው። ልጆቹ አጠገቤ ስለነበሩ እኔም ዝም አልኩ። ፍርሃትሽ ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ወንድምሽ በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀርቷል፣ አያቴም እስክትሞት ድረስ ሻንጣውን ማንም እንዲከፍተው አልፈቀደችም። ይህን ያየ ሰው ፖለቲካ ሲባል ቢደነግጥ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድብሽም።

ስለዚህ ልከራከርሽ አይደለም የምጽፈው። ስለ አንድ ሰው ልነግርሽ ነው። ጁሊያን ቦንድ ይባላል፣ እዚሁ አትላንታ የኖረ የምክር ቤት ሰው ነው።

መጀመሪያ ግን ጎረቤቴ የምትወዳደርበት ምክር ቤት ዋሽንግተን ያለው አይደለም። የጆርጂያ የራሷ ነው። ታችኛው ምክር ቤት 180 ሰው አለው፣ ሴኔቱ 56። በየዓመቱ ጥር ላይ ይሰበሰቡና 40 የሥራ ቀን ይሠራሉ፣ ከዚያ አብዛኞቹ ወደ መደበኛ ሥራቸው ይመለሳሉ። ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል? ግን የልጆቼ ትምህርት ቤት በጀት፣ የድሆች የጤና መድን፣ የቤት ኪራይ ሕግ፣ የምርጫው ደንብ ራሱ የሚወሰነው እዚያ ነው። ለምርጫ ለተሰለፈ ሰው በምርጫ ጣቢያው አጠገብ ውኃ ማደል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 በሕግ የተከለከለው በዚሁ ምክር ቤት ነው። ዜናው ሁሉ ስለ ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ኑሯችንን የሚነካው ግን እዚህ የሚወሰነው ነው።

ወደ ቦንድ ልመለስ። የተማረ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ አባቱ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1961 ሞርሃውስ ኮሌጅን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ትምህርቱን ትቶ ጥቁሮች በእኩል እንዲኖሩና እንዲመርጡ ወደሚታገለው የተማሪዎች ማኅበር ገባ። (ይህን ስታነቢ ራስሽን እንደምትይዢ ይታየኛል። አይዞሽ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ዲግሪውን ይዟል።) የማኅበሩን ጋዜጣና መግለጫ የሚያዘጋጀው እሱ ነበር። በ1965፣ በ25 ዓመቱ፣ ለጆርጂያ ምክር ቤት ተወዳደረና አሸነፈ።

ከዚያ የመጣው ነው እኔን የያዘኝ። ጥር 1966 ላይ ቃለ መሐላ ሊፈጽም ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አላባማ ውስጥ ሳሚ ያንግ የሚባል ወጣት ተገደለ። ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሎ የተመለሰ ልጅ ነው። የተገደለው ለነጮች ብቻ የተባለ ሽንት ቤት ልጠቀም ስላለ ነው። የቦንድ ማኅበር ወዲያው መግለጫ አወጣ። አገሩ ውስጥ እንዲህ የሚገደለውን ሰው ቬትናም ሄደህ ስለ ነፃነት ተዋጋ ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ጦርነቱን ተቃወመ። መግለጫውን የጻፈው ቦንድ አልነበረም። ጋዜጠኛ ደውሎ «ትስማማለህ ወይ?» ሲለው ግን «አዎ፣ እስማማለሁ» አለ።

ተመልከቺ፣ እዚያ ላይ አዳልጦኝ ነው ቢል፣ ወይም ነገሩን ትንሽ ቢያለዝበው ወንበሩ የሱ ነበር። አላደረገውም። ጥር 10 ቀን 1966 ምክር ቤቱ ሲከፈት ሌሎቹ ማሉ፣ እሱን ለይተው አስቀሩት። ጠላትን የሚደግፍ ነገር ተናግሯልና ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ እሆናለሁ ብሎ ከልቡ ሊምል አይችልም አሉ። እሱ ለመማል ዝግጁ ነኝ እያለ፣ 184 ለ12 በሆነ ድምፅ አባረሩት። 184 ሰው በአንድ የ25 ዓመት ልጅ ላይ!

ታዲያ ከሱ ይልቅ መራጮቹ ናቸው የሚደንቁኝ። ወንበሩ ክፍት ተባለና በየካቲት የማሟያ ምርጫ ተደረገ። መልሰው እሱኑ መረጡት። ምክር ቤቱ አሁንም ሐሳብህን ካልቀየርክ አንቀበልህም አለው። በኅዳር መደበኛው ምርጫ ሲመጣ ለሦስተኛ ጊዜ መረጡት። እነዚያ ሰዎች ሀብታም አልነበሩም፣ እማዬ። ብዙዎቹ ጥቁሮች ናቸው፣ ለመምረጥ ራሱ ስንት መከራ ያዩ ሰዎች ናቸው። ሌላ ለስለስ ያለ ሰው ልከው ተወካይ ማግኘት ይችሉ ነበር። ግን ማን ይወክለን የሚለውን የምንወስነው እኛ ነን፣ እናንተ አይደላችሁም አሉ። በሰፈሩ ከሚኖሩት አንዱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር፣ ተወካይ አልባ ቀረሁ ብሎ ከቦንድ ጋር አብሮ ከሷል።

የታችኛው ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ ፈረደባቸው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በታኅሣሥ 1966 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለቦንድ ፈረዱ። የምክር ቤት አባል ተራ ዜጋ ሊናገር የሚችለውን ሊከለከል አይችልም፣ እንዲያውም በአገር ጉዳይ ላይ በሰፊው መናገር ሥራው ነው አሉ። በጥር 1967 ያባረሩት ሰዎች ፊት ቆሞ ማለ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ሠራ፣ መጀመሪያ በታችኛው ምክር ቤት፣ ከ1975 ጀምሮ በሴኔት። እ.ኤ.አ. በ1968 በፓርቲው ጉባኤ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲጠቁሙት 28 ዓመቱ ነበር። ሕጉ 35 ይላልና ስሜን አንሱልኝ አለ። ዝናውን የሰጠው ይህ ነው፣ እኔ ግን ጸጥ ያለው ሥራው ይበልጥብኛል። አትላንታ ላይ ጥቁር መራጮች የሚበዙበት የኮንግረስ የምርጫ ክልል እንዲኖር በምክር ቤትም በፍርድ ቤትም ተሟገተ፣ ተሳካለትም። በ1986 በዚያው ክልል ሲወዳደር ግን አሸናፊው እሱ አልሆነም። ከወጣትነት ጀምሮ አብሮት የታገለው ወዳጁ ጆን ሉዊስ ነው ያሸነፈው፣ 52 ለ48። በቅስቀሳው ብዙ ክፉ ቃል ተነጋገሩ፣ ወዳጅነታቸውም ተጎዳ። ይህን የምነግርሽ ሥራው ዋጋ እንደሚያስከፍል የማላውቅ እንዳይመስልሽ ነው። ቦንድ ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ ከ1998 እስከ 2010 ትልቁን የጥቁሮች መብት ማኅበር በሊቀመንበርነት መራ። በነሐሴ 2015 በ75 ዓመቱ አረፈ።

አሜሪካ ስለሆነ ምንም አይነካሽም ልልሽ አልችልም። ሳሚ ያንግ የተገደለው እዚሁ አገር ነው። ግን ወንድምሽ ያልነበረው ነገር እዚህ አለ፤ ሲያባርሩሽ የምትሄጂበት ፍርድ ቤት አለ፣ መልሶ የሚመርጥሽ ጎረቤት አለ። እነሱም ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። ቦንድን ለሦስተኛ ጊዜ ለመምረጥ ከቤታቸው የወጡ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ፍርዱ ብቻውን ምን ያደርግላቸው ነበር? እኔም በዜግነት ስምል እጄን ያነሳሁት ፓስፖርቱን ብዬ ብቻ አይደለም።

ጎረቤቴ ነርስ ናት። ስታሸንፍ ማየት እፈልጋለሁ፣ ብትሸነፍም አብሬያት ቆሜ መሸነፍ እፈልጋለሁ። የምዞረው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፣ ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ጋር፣ ሳይመሽ ቤቴ እገባለሁ። አበሻ ያለበት ቤት ስደርስ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ አንዳንዶቹ ልክ እንዳንቺ ይፈራሉ፣ ቡና አፍልተው ግን ያዳምጡኛል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ እደውልልሻለሁ። ወሬውን ወደ ልጆቹ ሳታዞሪ የሚያስፈራሽን ሁሉ በግልጽ ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ