ከአሻንጉሊቱ በፊት የአሠልጣኙ ሰዓት ይመደብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በሆስፒታሎች የሲሙሌሽን ሥልጠና (ሕክምናን በማስመሰል የሚደረግ ልምምድ) ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ወደ ማኒኪን (የሰው ቅርጽ ያለው የልምምድ አሻንጉሊት) ዋጋ ያዘነብላል። ፕሮግራሙን የሚገድለው ግን ብዙውን ጊዜ የአሠልጣኝ ሰዓት አለመመደቡ ነው። አስተባባሪው በትርፍ ጊዜው ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ተረኛ በሆነበት ሳምንት ልምምዱ ይሰረዛል፤ ሁለት ሦስቴ ከተሰረዘ ደግሞ መልሶ ማስነሳት ይከብዳል። በተረኝነት ሠሌዳው ላይ የተጻፈ ሰዓትና ተተኪ አሠልጣኝ የግድ ነው።

ለጅምር ውድ ዕቃ አያሻም። ለአዋቂ የልብና ሳንባ ማነቃቂያ ልምምድ፣ የደረት ግፊቱን ጥልቀት (ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር) እና ፍጥነት (በደቂቃ ከ100 እስከ 120) የሚያሳይ ቀላል ማኒኪን ይበቃል። ለማኒኪኑ መለዋወጫ ሳንባና ባትሪ በየዓመቱ በጀት ይያዝላቸው። ልምምዱን በዋርዱ (በሽተኞች በሚተኙበት ክፍል) ውስጥ፣ ከዋርዱ ቡድን ጋር 10 ደቂቃ አድርጉት፤ ከልምምዱ በኋላ ስለታየው ነገር ለሚደረገው ውይይት ግን 20 ደቂቃ ስጡ። ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ሆኖ ሳለ፣ ሰዓት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ውይይቱ መሆኑ ያሳዝናል።

አንድ አደጋ ከቶ አይዘንጋ፦ የልምምድ መድኃኒትና ፈሳሽ ከእውነተኛው ጋር ከተቀላቀለ ለበሽተኛ ሊሰጥ ይችላል። እያንዳንዱ ብልቃጥና ሲሪንጅ «ለሥልጠና ብቻ» የሚል ምልክት ይለጠፍበት፤ ዋርድ ሲገባም ሲወጣም ይቆጠር።

በልምምዱ የታየ ጉድለት፣ ለምሳሌ ባዶ የኦክስጅን ሲሊንደር ወይም ከአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባ ከረጢት) ጋር የማይገጥም ማስክ፣ ኃላፊና ቀነ ገደብ ይጻፍለት። ሠራተኛው የጠቆመው ነገር ሲስተካከል ካላየ በሚቀጥለው ልምምድ ዝም ይላል።