ባንክ ዘራፊዎቹ ወንድማማቾች በአማርኛ ሲተረኩ የሚጠፋው ነገር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የፊልም ዓምድ ላይ ዴቪድ ማኬንዚ ዳይሬክት ያደረገውን የ2016 እ.ኤ.አ. ፊልም «ሄል ኦር ሃይ ዋተርን» ለመክበር ብለው ባንክ የሚዘርፉ የሁለት «ሌቦች» ወንድማማቾች ታሪክ አድርጋችሁ በአንድ መስመር አልፋችሁታል። እዚህ ጎንደር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በአማርኛ የተተረከ ቅጂም የሚለው ይህንኑ ነው። ቴይለር ሸሪዳን የጻፈው ታሪክ ግን ከሽጉጥ ይልቅ በውል ወረቀት ላይ የቆመ ነው። የውሉ ቃላት በትረካው ከተዘለሉ የሚተርፈው የተኩስ ድምፅ ብቻ ነው።

ርእሱ ራሱ የውል ቋንቋ ነው። «ሲኦል ወይም ጎርፍ» ብሎ ቃል በቃል መተርጎም ያስቃል፤ በተራው አነጋገር «የመጣው ይምጣ» እንደማለት ነው። በኪራይ ውል ላይ ደግሞ ዕቃው ቢሰበርም፣ ሥራው ቢቆምም፣ ሰማይ ቢደፋም ክፍያው አይቀርም የሚለው አንቀጽ በዚሁ ስም ይጠራል። ለአማርኛው ርእስ «የመጣው ይምጣ» ሁለቱንም ይሸከማል።

ቀጥሎ ዕዳው አለ። ተራኪው «የባንክ ዕዳ ነበረባቸው» ብሎ ሲያልፍ ተመልካቹ «ታዲያ ሠርተው አይከፍሉም?» ማለቱ አይቀርም። የወንድማማቾቹ የቶቢና የታነር ሃዋርድ እናት በከብት እርባታው መሬት ላይ የወሰዱት ብድር ግን እኛ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። ባንኩ ገንዘቡን ለመሬቱ ባለቤት ለእናትየው ይሰጣል፤ እሳቸው በሕይወት ኖረው እዚያው እስከተቀመጡ ድረስ በየወሩ የሚከፍሉት የለም። ወለዱ ግን በዋናው ላይ እየተደረበ ያድጋል፣ ሲሞቱም ድምሩ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ወራሽ ካልከፈለ መሬቱ ሄደ። ፊልሙ ሲጀምር እናትየው አርፈዋል፤ ያልተከፈለ ግብርም አለ፤ ቀነ ገደቡም ተቃርቧል። ይህን ለመናገር ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ አይፈጅም።

ሌላ አንድ ዐረፍተ ነገር ደግሞ በመሬታቸው ለተገኘው ነዳጅ ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የእኛ ተመልካች ነዳጅ ተገኘ ሲባል «ለመንግሥት ነዋ!» ይላል። ታሪኩ በሚካሄድባት በአሜሪካዋ ቴክሳስ ግን ከመሬቱ በታች ያለው ማዕድን የግል ሀብት ሊሆን ይችላል። ባንኩ የሚቋምጠው፣ ወንድማማቾቹም የሚጣደፉት ለዚህ ነው።

የዝርፊያው አሠራር ያለምክንያት የተቀመጠ አይደለም፤ ተራኪው ምክንያቱን ቢናገር ፊልሙ በእጥፍ ይጥማል። የሚገቡት በዚያው ባበደረው ባንክ ቅርንጫፎች፣ በጠዋት፣ ገና ሲከፈቱ ነው። ከመሳቢያ የሚወስዱት ያልታሰረውን ዝርዝር ብር ብቻ ነው፤ በታሰረ ብር መካከል ከባንኩ ሲወጣ የሚፈነዳና ብሩን በቀይ ቀለም የሚያበላሽ እሽግ ይደበቃል። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ ጉዳዬ አይልም፣ ነገሩም ጡረታው ለተቃረበ የቴክሳስ መርማሪ ፖሊስ፣ ለማርከስ ሃሚልተን ይተዋል። መኪኖቹ በየተራ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው ይቀበራሉ። ብሩ ኦክላሆማ ወዳለ ካዚኖ ተወስዶ በቁማር ጠጠር ይለወጣል፤ ጠጠሩ ተመልሶ ቼክ ይሆናል፣ ቼኩም የሚጻፈው በዚያው በተዘረፈው ባንክ ስም ነው። (ጠጠሩን «ቺፕስ» ብሎ የሚተርክ ካለ፣ ተመልካቹ የድንች ጥብስ ነው የሚታየው።) ባንኩ በገዛ ገንዘቡ ዕዳው ተከፈለው ማለት ነው።

ዕቅዱ የሚበላሸው ፖስት በምትባል ከተማ ነው። ከተማ ናት እንጂ ፖስታ ቤት አይደለችም! የገቡበት ባንክ በሰው ተሞልቷል፤ ደንበኞችም መሣሪያ ታጥቀዋል። ባዶ ባንክና ትንሽ ገንዘብ የሚለው ሥርዓት ፈረሰ፣ ሰው ሞተ። መጨረሻ ላይ ባንኩ ለመርማሪዎች ለምን እንደማይተባበር ለመረዳት ደግሞ «አደራ» የሚለው ቃላችን በቂ ነው፤ ቶቢ መሬቱን ለልጆቹ በአደራ አስመዝግቦ አስተዳዳሪነቱን የሰጠው ለዚያው ባንክ ስለሆነ፣ ባንኩ ደንበኛውን ማጣት አይፈልግም። ለእኔ ከተኩሱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

«ሌቦች» የሚለው ስያሜያችሁም አያስኬድም። ሌባ ተደብቆ ይወስዳል፣ ቀማኛ በጉልበት ይነጥቃል፤ ተበድሎ ጫካ የገባው ሽፍታ ይባላል። የቋራው ካሳ በሸፈተበት አገር ይህን ልዩነት የሚስት አንባቢ የለም። ታነር ቀማኛነቱን ይወደዋል፣ መጨረሻ ላይ ግን ተራራ ላይ ወጥቶ ብቻውን ይታኮሳል፤ የሽፍታ አሟሟት ነው የሞተው። ቶቢ ከሦስቱም የለበትም። ርስት ላለማስነጠቅ የቆረጠ ሰው ነው።

ለተራኪዎች ጥቂት ልጨምር። ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ካሜራው ዞር ሲል፣ ሦስት ጊዜ ኢራቅ ዘምተን ለእኛ ግን የደረሰልን የለም የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ይታያል። የሚናገር ሰው ስለሌለ ተራኪው ዝም ይላል። በየመንገዱ ዳር ያሉት የአበዳሪዎች ማስታወቂያዎችም እንዲሁ ሳይነበቡ ያልፋሉ። «ሬንጀር» የሚለውንም እንዳለ መተው አያዋጣም፤ እኛ ዘንድ ሬንጀር ዥጉርጉር የወታደር ልብስ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ ባርኔጣ ያደረጉ የክፍለ ግዛቱ መርማሪ ፖሊሶች ናቸው። ምግብ ቤት ውስጥ አሮጊቷ አስተናጋጅ ለማርከስና ለባልደረባው ለአልቤርቶ የምታቀርበው ጥያቄ «ምን ላምጣ?» አይደለም፤ «የማትፈልጉት የቱን ነው?» ነው። ሥጋና ድንች የግድ ነው፤ የሚተወው ከአትክልቱ ነው። ጥያቄው ቀና ተደርጎ ከተተረጎመ ሳቁ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው «አንተ» እና «እርስዎ» ነው፤ እንግሊዝኛው አይለያቸውም። ወንድማማቾቹ አንተ ይባባላሉ፤ ይህ ግልጽ ነው። የመጨረሻው የበረንዳ ንግግር ላይ ግን ጡረታ የወጣው ማርከስ ቶቢን «አንተ» ሲለው ቶቢ «እርስዎ» እያለ መመለስ አለበት። ከተማ ውስጥ ትንሽ ቤት ተከራይቻለሁ፣ ወሬያችንን ለመጨረስ ብቅ ይበሉ የሚለው ግብዣም ዛቻም ነው። «ብቅ ይበሉ» በ«ና» ከተተካ ግብዣው ጠፍቶ ዛቻው ብቻ ይቀራል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ከጎንደር